ወፏን ጨረቃ ያደረገው መብራት

ባለፈው ረመዳን፣ በሃያ ዘጠነኛው ቀን ማታ፣ አፍጥረን ማዕዱ ገና ሳይነሳ የከሚሴ መብራት ድርግም አለ። ከግራም ከቀኝም ጎረቤት እርግማን ተሰማ፤ አንዱ ለፍሪጁ፣ ሌላው ለቴሌቪዥኑ አለቀሰ። እኔ አጨበጨብኩ። የልጅ ልጄ ሀያት በስልኳ ብርሃን ፊቴን አየችና፣ "አያቴ፣ ደህና ነሽ?" አለችኝ። እንዴታ! ከዘራዬን ይዤ ወደ በረንዳ ስወጣ ጉልበቴን የሚያመኝ መሆኑን እንኳ ረስቼው ነበር።

"ምን ልታዪ ነው? ነገ ኢድ መሆኑ እኮ ስልክ ላይ ወጥቷል" አለች እየተከተለችኝ።

አሁን ኢድ ስልክ ላይ ይወጣል። በእኛ ጊዜ የሚወጣው ከሜዳው ማዶ፣ በምዕራቡ ተራራ አናት ላይ ነበር። አንድ ዓመት ታዲያ ሊወጣ ሲል የከለከለው መብራት ነው፤ ያውም እኔ ራሴ አብጄለት የነበረው መብራት።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ እኔም የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ቀበሌው አንድ ትልቅ ጄኔሬተር አስመጥቶ ከአውራ ጎዳናው ዳር በቆርቆሮ ቤት ውስጥ አኖረውና፣ ከመንገዱ እስከ መስጊዱ ሜዳ ድረስ በባሕር ዛፍ ግንድ ላይ አምፖል ሰቀለ። የበራ ዕለት ቤቱ የቀረ ሰው አልነበረም። እኛ ልጃገረዶች ሹሩባችንን ተሠርተን፣ ሸንኮራ እየመጠጥን፣ ከአንዱ ምሰሶ ወደ ሌላው ስንመላለስ አመሸን። ጥላዬ መጀመሪያ ከኋላዬ ይከተለኝና ምሰሶውን ሳልፍ ከፊቴ ይቀድመኛል፤ ይህ ብቻ አንድ ሳምንት ሙሉ አሳቀኝ። እናቴ እንኳ ምሰሶው ሥር ቆማ መርፌ ውስጥ ክር ባንድ ጊዜ ስታስገባ፣ "ወላሂ፣ ዓይኔ ልጅ ሆነ!" ብላ ነበር። ጅቡም በጓሯችን ማለፉን ተወ።

የበልጉ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ሌላ ትርኢት መጣ። ክንፋም ምስጥ ከየመሬቱ ስንጥቅ እየወጣ አምፖሉን ይከባል፤ ጉርጦች ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ከምሰሶው ሥር ተደርድረው አፋቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ። ዶሮዎቻችን ማደሪያቸውን ትተው ምስጥ ሲለቅሙ ያመሹና ጠዋት ያንጎላጃሉ፤ እንቁላልም ቀነሱ። ከሁሉ የገረሙኝ ግን ቀን ቀን በጨፋ ሜዳ ከከብት ጀርባ መዥገር የሚለቅሙት ነጫጭ ወፎች ናቸው። ፀሐይ ሲገባ መስጊዱ አጠገብ ባለው ወርካ ላይ ሰፍረው ያድሩ ነበር። መብራቱ ከመጣ ወዲህ ግን ማደሪያ አጡ። ሞተሩ እስኪጠፋ ድረስ ከብርሃኑ በላይ ይዞራሉ፣ ይዞራሉ፣ አያርፉም። ያኔ ደስ ይለኝ ነበር እንጂ አላዘንኩላቸውም።

ወንድሜ አህመድ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ዓመት አልፎት ነበር። በዚያ ረመዳን መጨረሻ ጥቂት ቀን ፈቃድ አግኝቶ መጣ፤ ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ግን እየሳቀ። ሃያ ዘጠነኛው ቀን ላይ ስንደርስ የቤታችን ጭንቀት አንድ ብቻ ሆነ። የሚመልሰው የጦር መኪና በማግስቱ ከአሱር ሶላት በኋላ ይነሳል። ጨረቃ ዛሬ ማታ ከታየች ነገ ኢድ ነው፤ ከእኛ ጋር ይሰግዳል፣ ምሳውን ይበላል፣ ይሄዳል። ካልታየች ግን ሠላሳኛውን ቀን እንደጾመ መኪና ላይ ይወጣል፤ ኢዱን መንገድ ላይ ያገኘዋል። እናቴ ከሰንበቴ ገበያ ያስመጣችው ሙክት ግቢያችን ውስጥ ታስሮ ይጮኻል።

"ለምን አሁኑኑ አይታረድልህም?" አለችው።

"እማ፣ ሥጋውማ ካምፕም ይገኛል። እኔ ያማረኝ ኢዱ ነው" አላት። እሷም ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች።

በቴምርና በውሃ አፍጥረን መግሪብ እንደተሰገደ አገሩ ሁሉ ወደ ሜዳው ወጣ። የኛ ሸህ፣ ሸህ ዑመር፣ የሬዲዮ ወሬ አይቀበሉም። ከሜዳው ሁለት የታመነ ሰው "በዓይኔ አየሁ" ብሎ ካልመሰከረ ኢድ የለም። ሰው ሁሉ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ወደ ምዕራብ ቢያፈጥም የሚታየው አምፖል ነው። ምሰሶዎቹ በሙሉ በዚያው በኩል ተተክለዋል! ከአምፖሉ በላይ የምስጥ ደመና፣ ከምስጡ በላይ የሚዞሩት ወፎች፣ ከዚያ ወዲያ ጥቁር ብቻ። ዓይኔን አሸሁ፤ በእጄ ብርሃኑን ጋረድኩ፤ ተራራው ራሱ አይታየኝም። ጨረቃ ደግሞ እንግዳ አይደለችም፣ ቁጭ ብላ አትጠብቅም።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ከምሰሶው ሥር ቆሟል። የኛው የሰፈር ልጅ ነው፤ ሙሄ ነበር ስሙ፣ ከተሾመ በኋላ ግን ጓድ ሊቀመንበር ካልተባለ አይዞርም። ጨረቃ ልይ ብሎ አልመጣም፤ መብራቱን ሊጠብቅ ነው የመጣው። እንዲህ ነበር ያለን። ታዲያ ሕዝቡ ሁሉ ሲያንጋጥጥ እሱም ሳያውቀው ማንጋጠጡ አልቀረም። ድንገት ኮፍያው ከራሱ እስኪወድቅ ዘለለና ጮኸ፤

"ያቻት! ያቻትና! ባቴ! ባቴ!"

ወጣች ማለቱ ነው፤ ኦሮምኛው የሚያመልጠው ሲደሰት ነበር። ሜዳው በተክቢራ ተናጋ። እኔም አየኋት! ቀጭን፣ ነጭ፣ እንደ ማጭድ የጎበጠች። አህመድን አንገቱን አንቄ ሳምኩት። እናቴ እጆቿን ወደ ሰማይ ዘረጋች።

ከዚያ ጨረቃዋ ክንፏን አራገበች።

ጨረቃችን ዞር ብላ ከአምፖሉ በላይ አልፋ ከጓደኞቿ ጋር ተቀላቀለች። ሸህ ዑመር ጢማቸውን ዳበሱና፣ "ይችኛዋ ምስክር አያስፈልጋትም፣ ራሷ መጥታለች" አሉ። የዚያን ዕለት የተሳቀውን ሳቅ ከሚሴ ከዚያ በኋላ የሳቀችው አይመስለኝም። የሚፈራው ሊቀመንበር እዚያው ቆሞ ቀረ።

እናቴ ግን አልሳቀችም። በሕዝቡ መሀል ሰንጥቃ ፊቱ ሄዳ ቆመች።

"ሙሄ ልጄ" አለችው፤ ጓድ የለ፣ ሊቀመንበር የለ። "መብራትህ ጥሩ ነው፣ አልጠላሁትም። ግን ወፏን ጨረቃ አድርጎ ጨረቃዋን ደበቀብን። ልጄ ነገ ይሄዳል። ለአንድ አፍታ አጥፋልኝ።"

ሊቀመንበሩ አህመድን አየ፣ ወፎቹን አየ። ኮፍያውን ከመሬት አንስቶ አራገፈ። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረና፣ "አንቺ፣ እግርሽ ፈጣን ነው። ሞተሪስቱን አጥፋ ተብለሃል በይው። ሩጪ!" አለኝ።

እንዴት እንደሮጥኩ! ጫማዬ አንዱ ጭቃው ውስጥ ቀረ፤ አልተመለስኩለትም። ሞተሪስቱ ጋሽ ታደሰ በቆርቆሮው ቤት በራፍ ላይ ቁጭ ብሎ ቆሎ ይቆረጥማል። በሞተሩ ጩኸት ስለማይሰማኝ በእጄም በአፌም አጥፋ አልኩት።

"ማን አለ?"

"ጓድ ሊቀመንበር!"

"እሱ? መብራቱን?"

"ወላሂ ጋሼ! ጨረቃዋ ልትገባ ነው! ወንድሜ ነገ ይሄዳል!"

ጋሽ ታደሰ ክርስቲያን ነው፤ የኛ ጨረቃ ምኑም አይደለች። ግን ፊቴን አየና ቆሎውን ኪሱ ጨምሮ ተነሳ። ሞተሩ አንዴ ሁለቴ አስሎ ዝም አለ።

መጀመሪያ ምንም አላየሁም። ጆሮዬ ነው የቀደመው፤ ከወንዙ በኩል የእንቁራሪት ጩኸት መጣ፣ ለካ ሁልጊዜም እዚያው ነበር። ከዚያ ኮከቦቹ አንድ በአንድ ወጡ፣ ተራራው ከሰማዩ ተለየ። ጋሽ ታደሰ ትከሻዬን ያዝ አደረገና በጣቱ አሳየኝ። ከተራራው አናት ላይ፣ ልትገባ አንድ ስንዝር ሲቀራት፣ እንደ ጥፍር ቁራጭ የቀጠነች ጨረቃ ቁጭ ብላለች። ይችኛዋ አላራገበችም። መጮህ አቅቶኝ አፌን ይዤ አለቀስኩ፤ ጩኸቱን ከሜዳው ሕዝቡ ጮኸልኝ። በማይታየው ወርካ ላይ ወፎቹ እየተንጫጩ ሰፈሩ።

በማግስቱ ኢድ ሆነ። አህመድ ሰገደ፣ የሙክቱን ጥብስ በላ፣ እናቴ ደጋግማ አጎረሰችው፣ እሱም አጎረሳት። ከአሱር በኋላ እየሳቀ መኪናው ላይ ወጣ። ሊቀመንበሩም ከዚያ ወዲህ በየረመዳኑ በሃያ ዘጠነኛው ማታ ሞተሩ ዘግይቶ እንዲነሳ አደረገ። ለምን ሲባል፣ "ናፍጣ ለመቆጠብ ነው" ይል ነበር።

ሁላችንም የፈራነው ለአህመድ ነበር። አህመድስ ደርግ ሲወድቅ በእግሩ መጣ፤ እጁን ቆስሎ፣ ግን በሕይወት። ቤት ገብቶ ያጣት እናታችንን ነው። እሷ ታማ የሞተችው እሱ ከመመለሱ አንድ ክረምት ቀድሞ ነበር። ልጇን ያጎረሰችበት የመጨረሻው ኢድ ያ መብራት ጠፍቶ የተገኘው ኢድ ሆነ።

በረንዳው ላይ ቆሜ ይህንን ለሀያት ስነግራት ስልኬ ጠራ። አህመድ ነው፣ ከኮምቦልቻ። በየዓመቱ በዚህ ማታ ይደውላል፤ ሰላምታም የለው።

"የበረንዳሽን መብራት አጠፋሽ?"

"ዘንድሮስ አገሩ ሁሉ ጠፋልኝ!"

"እኔም አጥፍቻለሁ። ታየችሽ?"

"ዓይኔ ደክሟል አህመዴ፣ ቆይ" ብዬ ሳልጨርስ ሀያት ስልኳን ኪሷ ከትታ ክንዴን ያዘችኝ። "ያቻት! አያቴ፣ ያቻት!" እያለች እንደዚያ ሰውዬ ትዘላለች።

"አራገበች?" አለኝ አህመድ በስልኩ ውስጥ።

"አላራገበችም" አልኩት። ከዚያም እማ ትለው እንደነበረው፣ "እንኳን አደረሰህ ልጄ" አልኩት።