ከፍ ያላለው ዲፈረንሻል

ያን ቀን ጠዋት የሠራሁትን ጅልነት ላስቀድም። በደርግ ጊዜ፣ በሰሜን ግንባር፣ የሻለቃችን የጭነት መኪና ሹፌር ነበርኩ። ሆዷን ድንጋይ እንዳይመታት ብዬ የኋላ ባሌስትራዋ፣ ማለት ጭነቱን በሚሸከመው ተደራራቢ የብረት ሞላ ላይ ሦስት ብረት ደረብኩ። ጭነት የሚይዘው ካሶኒ ከፍ አለ። እኔም አብሬው ከፍ አልኩ። ልደታ ተወልዶ አብነት ጋራዥ ቁልፍ ሲያቀብል ያደገ ሰው ራሱን መሐንዲስ ማለቱ መቼ ይቀራል።

የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው ባለ ዘይቱ የጥርስ ቋት፣ ዲፈረንሻሉ፣ ግን ከባሌስትራው በታች ነው። ጎማው በትልቅ ካልተቀየረ አንድ ጣት እንኳ ከፍ አይልም። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ስምንት ሰዓት ላይ ትእዛዝ ደረሰን፤ ከኮረብታው ሥር ሰባት ቁስለኞች ወደ ሕክምና ጣቢያ ይውረዱ። አንዱ የአብነቱ ጎረቤቴ አሥር አለቃ ግርማ ነበር፤ ሆዱን ተመትቷል። ልንነሳ ስንል ካድሬያችን የራሱን አልጋና ፍራሽ አስጫነ።

«ፍራሹን እናንጥፍላቸው» አልኩ።

«ደም ይነካዋል» ብሎ ጠቅልሎ አሰረው፤ ጋቢና ገብቶም አጠገቤ ተቀመጠ።

ቁስለኞቹን ባዶ ብረት ላይ አስተኛናቸው። ዛሬም ሳስበው ምራቄ ይመርረኛል።

ብረት ተደርቦበት የደረቀ ባሌስትራ ከባድ ጭነት ካላገኘ አይተጣጠፍም፤ ጉድጓዱን እንዳለ ለተሳፋሪው ያቀብላል። ከኋላ ያቃስታሉ። ግርማ ጮክ ብሎ፣ «አንተ የልደታ መሐንዲስ፣ ጥይት የጀመረውን ልትጨርሰው ነው?» አለ።

ወዲያው ዲፈረንሻሉ ከድንጋይ ጋር ተላተመ። ተሰነጠቀ። ዘይቱ መፍሰስ ጀመረ። ተኩሱ ከጀርባችን እየቀረበ ነው። ዘይቱ ካለቀ እዚያው ቀረን።

«ሳሙና ያለው አለ?» አልኩ ከመኪናዋ ሥር ገብቼ።

ግርማ ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለ ግማሽ ሳሙና አወጣ። «ለልደታ ንግሥ ልታጠብበት ነው ያኖርኩት። ትመልሳለህ።»

«እመልሳለሁ።»

ስንጥቁን ደፈንኩበት። ያዘ። ቀስ እያልን ወረድን።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደረስን። ከሰባቱ ሦስቱ ሞተዋል። አንዱ ግርማ ነው። ካድሬው መጀመሪያ የዳሰሰው ፍራሹን ነበር። «ደህና ነው፣ አልቆሸሸም» አለ።

ከነዚያ ሦስት ሰዎች ስንቱን ጥይት፣ ስንቱን የኔ ባሌስትራ እንደገደለ ሐኪሙን አልጠየቅሁም። መልሱን ፈርቼ ነው።

ከመቅበራችን በፊት ውሃ አገኘን፤ ሳሙና ግን አልነበረም። ግርማን በባዶ ውሃ አጠብነው። የሱ ሳሙና መኪናዬ ሆድ ላይ ተለጥፎ ነበር።

የልደታው መሐንዲስ እስከ ዛሬ ግማሽ ሳሙና አለበት።