በእሳቱ ወይስ በንጉሡ?

ሠላሳ ዓመት በከሰል ካውያ ልብስ በመተኮሳቸው ሰፈሩ «ጋሼ ካውያ» የሚላቸው ሰው ሆቴላችን ሊቀጠሩ መጡ። አዲስ ሠራተኛ በሕግ መሥራት እንደሚችል በኮምፒውተር የማጣራው እኔ ነኝ። የመታወቂያቸው ጽሑፍ ስለተፋቀ የመዝገብ ስማቸውን ፊደል በግምት ጻፍኩ። ይኼ ግትር ማሽን «እንዲህ ያለ ሰው የለም» አለ።

«ፊትሽ ቆሜ?» አሉ ጋሼ።

«ስምዎ በየትኛው ሰ ነው የሚጻፈው? በእሳቱ ወይስ በንጉሡ?»

«ፊደል አልቆጠርኩም፤ ግን ዕድሜዬ በእሳት ካለቀ በእሳቱ ይሆናላ! ድሃው አባቴ ንጉሡን ከየት ያመጣል?»

የጻፍኩት በእሳቱ ነበር። ወደ ንጉሡ ስቀይረው አረንጓዴ በራ፤ «መሥራት ይችላሉ» አለ።

«በንጉሡ ኖሯል፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ኮሌታቸውን አቃኑ።

«ምስኪን አባቴ! ንጉሥ አውርሶኝ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ከሰል አራገብኩ።»