የሙቀቱ ሠንጠረዥ

ሐረር ሒሳብ አስተማሪ ሳለሁ ነው። ፈረስ መጋላ ሻይ ቤት ተቀምጬ፣ ዳር ዳሩ የጋለ ብረት ሙቀቱ ወደ መሀል እንዴት እንደሚዘልቅ ለማስላት በካሬ የተከፋፈለ ወረቀት በቁጥር እሞላለሁ። አንድ የፖሊስ ሻምበል የጦር ካምፕ ካርታ መስሏቸው ጣቢያ ወሰዱኝ።

«የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ከዳር ካሬዎቹ በቀር የእያንዳንዱ ካሬ ቁጥር የአራቱ ጎረቤቶቹ አማካይ ነው፤ ሌላ ሚስጥር የለውም» አልኳቸው።

«እናያለን» ብለው እርሳስ አነሡ። አንድ በአንድ እየደመሩ ለአራት አካፈሉ። ሠላሳ ያህል ካሬ ልክ መጣ። ከዚያ እርሳሱ ቆመ።

«ይቺስ?»

ጎንበስ ብዬ ደመርኩ። እውነትም ልክ አልነበረችም።

«ተሳስቼ ነው፣ ጌታዬ።»

ሻምበሉ በሩ ላይ ወደቆመው ፖሊስ ዞሩ።

«የሒሳብ አስተማሪ ለአራት ማካፈል ያቅተዋል? እስር ቤት አስገባው።»