ጠበሉ መሬት ሳይነካ

ፖሊሶቹ የመጡት ልጄን ፈልገው ነበር። ሲያጡት እኔን ይዘው ሄዱ። ነጠላዬን እንድደርብ ፈቀዱልኝ፤ ለዚያም አመሰግናለሁ።

ያስገቡኝ አዳማ ውስጥ፣ ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ክፍል ነው። መስኮቱ ከጣሪያው ሥር ነው። የቆርቆሮው ሙቀት ከረፋድ ጀምሮ አናት ላይ ይወርዳል። ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝና ሥራዬን ጠየቁኝ። "የዓይን ነርስ ነኝ" አልኩ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሲስተር ሆንኩ።

ውጭ አንድ ያላለቀ ሥራ ነበረኝ። በአገር ደረጃ የዓይን ነርሶችን የሙያ ብቃት ደረጃ ከሚያዘጋጁት ባለሙያዎች አንዷ ነበርኩ፤ የዓይን ነርስ ምን ማወቅ፣ ምንስ በራሷ እጅ መሥራት አለባት የሚለውን። ኬሚካል የገባበት ዓይን ላይ ስንደርስ ተከራከርን። ከፊላችን ነርሷ የማንንም ትእዛዝ ሳትጠብቅ ማጠብ አለባት አልን። ከፊሉ ሐኪም ታስፈቅድ አለ። ነገሩ ሳይቋጭ እኔ ታሰርኩ።

አንድ ጠዋት እንግዶች ሊጎበኙን ነው ተባለና ግድግዳውን ኖራ እንድንቀባ ታዘዝን። ኖራው በተቆረጠ በርሜል መጣ። ውሃ ሲነካው ይፈላል። የምታማስለው ከአርሲ ነገሌ የመጣች ስንዴ ነጋዴ ነበረች፤ ሳቂታ፣ ድምፀ ትልቅ ሴት።

"እንግዳ ሲመጣማ ቤት ይጸዳል። ይኸው ባለቤት ሆንን!" አለች።

ሳቃችንን ሳንጨርስ ኖራው ፈልቶ ፊቷ ላይ ተፈናጠረ።

"ኢጃ ኮ! ዓይኔ! ዓይኔን!"

አንዷ ቅቤ ቀቡላት አለች። ሌላዋ በቀሚሷ ጫፍ ልታሽላት ደረሰች።

"አትሹት! ውሃ ስጡኝ!" ብዬ ጮህኩ። ያን ድምፄን ባሌ እንኳ አያውቀውም።

በሩ ላይ የነበረችው ወጣት ፖሊስ ደነገጠች።

"ልጄ፣ ክፈቺልን፤ ቧንቧው ጋ እንውሰዳት" አልኳት።

"ያለ ፈቃድ አልችልም፣ እማማ። ልጠይቅ።" ሮጣ ሄዳ ሮጣ ተመለሰች። "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።"

"እንግዲያ ዓይኗም ስብሰባው እስኪያልቅ ይጠብቃ!" አለች አንዷ ከኋላ።

ኖራ አይጠብቅም። ካልታጠበ እየበላ ወደ ውስጥ ይገባል። ብሌኑን አንጥቶ እንደ ተቀቀለ ዓሣ ዓይን ሲያደርገው በሥራዬ አይቻለሁ። ይህች ሴት በዚያ ክፍል ውስጥ ልትታወር ነበር።

ጭኔ ላይ አስተኛኋት። የዓይን ቆቧን ገልብጬ ከሥሩ የተሰነቀረውን የኖራ ፍርፋሪ በነጠላዬ ጫፍ አወጣሁ። ለቅቡ የመጣውን ውሃ ኖራው ጨርሶታል። የቀረው ለእያንዳንዳችን ለቀኑ የተሰጠን፣ በሃይላንድ ጠርሙስ ያለው ነው። ማንም ማንንም አላዘዘም። ጠርሙሶቹ ከእጅ ወደ እጅ መጡ። ከደራ የመጣች፣ ብዙ የማታወራ ሙስሊም ሴት ለሶላት ውዱ የምታደርግበትን ውሃ ከነጀሪካኑ አቀረበችልኝ።

አንዱን ዓይን አጥባለሁ፤ ወደ ሌላው እሄዳለሁ፤ እመለሳለሁ።

"ክፈቺው፣ እህቴ።"

"እንዴት ብዬ ልክፈት፣ እየነደደ!"

"ትንሽ ብቻ።"

"ትንሽ ትንሽ እያልሽ ልታሰምጪኝ ነው እኮ!"

ሴቶቹ በለቅሷቸው መሃል ሳቁ። ውሃው አለቀ። ዓይኗ ግን ገና አልጠራም ነበር።

የቀረው የእኔ ጠርሙስ ነው። ጠበል ነበር፤ ባሌ ከስንቅ ጋር ያመጣልኝ፣ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዴ የምጎነጨው። መስጠቱ አልከበደኝም። ነገር ግን ጠበል ሰው በሚረግጠው ወለል ላይ አይፈስም። እጄ ክዳኑ ላይ ቆመ።

"ምነው ሲስተር?" አለችኝ የደራዋ።

"ጠበል ነው" አልኩ።

እሷ ልብስ የምናጥብበትን ሳፋ አንሥታ ውስጡን በሻሿ ወለወለችው። ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና ሳፋውን በሁለት እጆቿ ከፍ አድርጋ ከሴትየዋ ጆሮ ግንድ ሥር ያዘችው።

"አፍስሺ" አለች። "መሬት አይነካም።"

አማትቤ አፈሰስኩ፤ ቀስ እያልኩ፣ በቀጭኑ። ስንዴ ነጋዴዋ "ያ ረቢ" ትላለች፤ እኔ በልቤ "እግዚኦ" እላለሁ። የደራዋ ክንዶች መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ሳፋው ግን አልወረደም። ሌሎቹ ትንፋሻቸውን ውጠው ቆመዋል። እንዲያ ባለ ዝምታ ውስጥ ከዚያ በፊት የቆምኩት ቅዳሴ ላይ ብቻ ነው።

ጠርሙሱ ሊያልቅ ሲል በሩ ተከፈተ። ስንዴ ነጋዴዋን ወደ ሆስፒታል ወሰዷት። ኃላፊው ወለሉን አየ፤ እኔን አየ።

"ይህን ማን ፈቀደልሽ?"

"ሥራዬ ነው" አልኩ።

ወደ ሳፋው ዞረ። "ይኼን ሽንት ቤት ድፉት።"

የደራዋ ሳፋውን ይዛ ወጣች። በተከፈተው በር አየኋት። ሽንት ቤቱን አልፋ እስከ አጥሩ ሄደች፤ እግር ወደማይደርስበት ጥግ ጎንበስ ብላ፣ ሕፃን እንደምታስተኛ ቀስ አድርጋ አፈሰሰችው። ወጣቷ ፖሊስ ከኋላዋ ቆማ ነበር። አላስቸኮለቻትም።

ተመስገን፣ ልጄ ደህና ነው፤ እኔም ተፈትቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ያ ክርክር ገና አልተቋጨም ነበር። የሆነውን ለባልደረቦቼ በአጭሩ ነገርኳቸው። ታስፈቅድ ሲሉ ከነበሩት አንዱ ሐኪም "እንግዲህ ታጥባለች ብለን እንጻፈው" አሉ። ተጻፈ።

በቅርቡ የብቃት ደረጃው ረቂቅ በሥራ ላይ እንዴት እንደሚሆን ለማየት ወደ ቡልቡላና አርሲ ነገሌ ጤና ጣቢያዎች ወርጄ ነበር። ነገሌ ገበያ ላይ ከማዶ ጥሪ ሰማሁ።

"ሲስተር! አካም ጅርታ!"

ከጆንያዎቹ መሃል ለይታ ያየችኝ ስንዴ ነጋዴዋ ናት። ግራ ዓይኗ ትንሽ ደመና ቀርቶበታል፤ ቀኙ ጥርት ያለ ነው። ስንዴ በእፍኟ ዘግና አንዲት እንክርዳድ ነቅሳ አሳየችኝ።

"ይቺን ታያለሽ?"

መነጽሬን አላደረግኩም ነበር። "አላይም" አልኩ።

"ወይ የዓይን ነርስ!" ብላ ገበያው እስኪዞር ሳቀች።

የደራዋን ሴት ዳግመኛ አላገኘኋትም። ጠዋት ስጸልይ ግን ከልጆቼ ስም አስከትዬ ስሟን እጠራለሁ።