በሳቢና እጅ የተጻፈው መዝገብ

«ተቀያየሩ!»

በየሰኞው ጠዋት አሊንግ ሳቢና፣ በእኛ አገር አጠራር «እትዬ» ሳቢና፣ ወደ ቤተ ሙከራው ሲገቡ የመጀመሪያ ቃላቸው ይህች ነበረች። የመድኃኒት ቅመማ ተማሪዎች ሁለት ሁለት ሆነን ነው የምንሠራው። አንዷ ትመዝናለች፣ ትወቅጣለች፤ ሌላዋ የብልቃጡን ጽሑፍ ጮክ ብላ ታነብና የቀማሚዋን ስም መዝገብ ላይ ታሰፍራለች። ጸሐፊ የራሷን ስም አትጽፍም። በየሳምንቱ ቦታ መለዋወጥ ግዴታ ነው።

«አሊንግ፣ ዛሬን ብቻ እሷ ትጻፍልኝ» አለች አንድ ቀን ጓደኛዬ ኦፌሊያ። «የእኔ ጽሕፈት እኮ ዶሮ የጫረው ነው!»

አሊንግ ሳቢና ብዕሩን ከእጄ ወስደው ሰጧት። «ይጫር።»

እኛ ሳቅን፤ እሳቸው አልሳቁም።

አርባ ዓመት የቤተ ሙከራው ዕቃ ጠባቂ ነበሩ። ሙቀጫ ያጥባሉ፤ ሚዛን ያስተካክላሉ፤ የደረቀ ቅጠል በጠረኑ ለይተው ያውቃሉ። ፋርማሲስት ግን አልነበሩም። ለምን እንደሆነ የነገሩኝ አንድ ዝናባማ ቀን፣ ሙቀጫ አብረን ስናደርቅ ነው።

ያኔ አሊንግ አልነበሩም፤ የሃያ ዓመቷ ሳቢና ነበረች። ትምህርት ቤታችንም ዩኒቨርሲቲ አልነበረም፤ ማኒላ ውስጥ ከአንድ መድኃኒት ቤት ፎቅ ላይ፣ ጥቂት ክፍሎች ብቻ። የሥራ ጓደኛዋ ትሪኒዳድ ኤቫንጄሊዮ ትባላለች፤ ሳቢና ትሪኒንግ ነበር የምትላት። ትሪኒንግ ስትመዝን እጇ አይስትም፤ የጻፈችውን ግን ራሷም መልሳ አታነበውም።

«አንቺ ጻፊ፣ እኔ ልውቀጥ» ትላታለች። «በዚህ ጽሕፈቴ ሰው እገድላለሁ።»

«እና ዕድሜ ልክሽን ይዘሽኝ ልትዞሪ ነው?»

«ምን ችግር አለው? ባልሽን አስፈቅዳለሁ!»

መለዋወጡ ቀረ። እጅ ሲዝል ተራ በተራ ይወቅጣሉ፤ መዝገቡ ላይ ግን የሚሰፍረው የትሪኒንግ ስም ነው። መምህራቸው የገጾቹን ንጽሕና ስለወደዱ አይተው እንዳላዩ ያልፉ ነበር። «ሁለታችሁንም አውቃችኋለሁ» ይሏቸዋል።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጥቶ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ መዝገቡ ሳቢና ቤት ነበር። ትሪኒንግ ሽሮፕ ስለደፋችበት ሳቢና ገጾቹን ልታደርቅ ወስዳው ነው። ማኒላ በተቃጠለችበት ወር ትምህርት ቤቱ ከነሰነዱ ነደደ። ትሪኒንግ ሞተች። መምህሩም ሞቱ። የሳቢና አባትም እንደወጡ አልተመለሱም። መዝገቡ ግን ከሩዝ ሣጥን ሥር ተረፈ።

ሰላም ሲሆን ትምህርት ቤቱ በውሰት ቤት ተከፈተና ማስታወቂያ ለጠፈ፦ ሁለት መቶ ቅመማ መሥራቱን በማስረጃ ያሳየ ለመንግሥት ፈተና ይቀመጣል። ሳቢና መዝገቡን በደረቷ አቅፋ በዝናብ ሮጠች።

መዝጋቢው ሚስተር ባልማሴዳ ገጾቹን ቀስ ብለው ገለጡ።

«ጽሕፈቱ የማን ነው ልጄ?»

«የእኔ ነው።»

«ስሙስ?»

«አብራኝ የምትሠራዋ ነው።»

«ያንቺ ስም የታለ?»

ስሟ ያለበትን አንድ ገጽ ገልጣ አሳየቻቸው። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ሳምንት ብቻ ተለዋውጠው ነበር፤ ስድስት መስመር፣ በትሪኒንግ እጅ። ሚስተር ባልማሴዳ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠርገው መልሰው አደረጉ።

«ይሄ ጽሑፍ ነው ወይስ ቀለም ተደፍቶ ነው?»

ሳቢና ሳቀች። ሳቋን ሳትጨርስ አለቀሰች።

«አብራሽ የሠራችው ትምጣና ትማልልሽ።»

«ሞታለች።»

«መምህርሽስ?»

«እሳቸውም።»

ሰውየው መዳፋቸውን መዝገቡ ላይ ጫኑ። «ለአንቺ ምንም ላደርግልሽ አልችልም። ከፈለግሽ ይዘሽው ተመለሺ። ከተውሽልኝ ግን እሱን ማስረጃ አድርጌ ሟቿ ትምህርቷን መጨረሷን ለቤተሰቧ እጽፋለሁ።»

ተወችላቸው።

መዝጋቢው የጻፉትን ወረቀት ይዛ የሄደችውም ራሷ ናት። የትሪኒንግ እናት አሊንግ ፖተንሲያና በዝገት በተበላ ቆርቆሮ ሥር የሩዝ ገንፎ ያማስሉ ነበር። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠራርገው ተቀበሏትና የልጃቸውን ስም በጣታቸው ዳበሱት። ፎቶዎቿ ሁሉ ነደዋል፤ ስሟ ያለበት የቀራቸው እሱ ብቻ ነበር።

«ያንቺስ ወረቀት የታለ?»

«ይደርሳል፣ አሊንግ።»

«ይድረስልሽ። በይ ገንፎ ቅመሺ፤ ከስተሻል።»

እንደገና ከመጀመሪያው እንዳትማር ቤት ውስጥ አፋቸውን ከፍተው የሚጠብቋት አራት ታናናሾች ነበሩ። እዚያው ትምህርት ቤት ሙቀጫ አጣቢ ሆና ተቀጠረች፤ ለአንድ ዓመት ብቻ ብላ።

ትምህርት ቤቱ አደገ። ነርሶች መጡ፣ የጥርስ ሐኪሞች መጡ፣ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። የምሥረታው በዓል በተከበረበት ዓመት፣ እኔ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ መዝገቡን ከመጋዘን አውጥተው አዳራሹ መግቢያ ላይ በመስታወት ሣጥን አኖሩት። ከሥሩ ካርድ አለ፦ «የትሪኒዳድ ኤቫንጄሊዮ የቅመማ መዝገብ»። አሊንግ ሳቢና በየጠዋቱ መስታወቱን ይወለውላሉ።

እኔ አጠገባቸው ቆሜ ሳለ ሁለት አዲስ ተማሪዎች መጥተው አጎነበሱ።

«ወይኔ፣ የእጅ ጽሕፈቷን እዪው! ሐር እኮ ነው!»

«ያንቺን እዚህ ቢያስቀምጡት በዓሉ ይሰረዛል።»

ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። አሊንግ ሳቢና ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«አዎ፣» አሏቸው ለልጆቹ፣ «ትሪኒንግ ጎበዝ ነበረች።»

ከዚያ ልጆቹ መስታወቱ ላይ የተዉትን የጣት አሻራ በጨርቃቸው ጠረጉ።