ፍሬኑ እስከ የት ይይዛል?

ጋራዡ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም። ፊት ለፊቱ ሲሆኑ «አለቃ» ይሉታል፤ ዞር ሲል ደግሞ «ጋሽ በመጠኑ»። የመካኒኮቹ አለቃ ነው። ቱታው ከሁሉም ቱታ ንጹሕ ነው። እሱ ይህንን የሹመት ምልክት አድርጎ ይኮራበታል እንጂ፣ መኪና ሥር መግባት ከተወ ስንት ጊዜ እንደሆነው ቆጥሮ አያውቅም።

ሰውየው ለአለቅነት ያበቃው እጁ ሳይሆን ምላሱ ነው። ይሄ ምላስ ደግሞ ከተፈጠረ ጀምሮ ሙሉ ቃል አውጥቶ አያውቅም። ልጅ ሳለ እናቱ «በላህ?» ስትለው፣ ሳህኑን ልሶ ከጨረሰ በኋላም «ትንሽ» ይላት ነበር። ሚስቱ ገና እጮኛው ሳለች «ለመሆኑ ትወደኛለህ?» ብትለው «አልጠላሽም» አላት። እሷም የዋህ፣ ዓይን አፋር መስሏት አገባችው።

ከተጋቡ በኋላ ማታ ማታ እንግሊዝኛ መማር ጀመሩ። ሐሳቡ የሷ ነበር። ልብስ ሰፊ ናት፤ ከውጭ የሚመጡትን የልብስ ንድፎች ማንንም ሳታስቸግር ማንበብ አማራት። እሱም ሚስቱ ብቻዋን ስትማር እንዳይበለጥ ተከትሏት ገባ። አንድ ቀን መምህሩ «ቱ ሰም ኤክስቴንት» ብሎ ሰሌዳው ላይ ጻፈና «በተወሰነ ደረጃ ማለት ነው» አለ። «አንድ ነገር ሙሉ በሙሉ እውነት ሳይሆን፣ ጨርሶ ውሸትም ሳይሆን ሲቀር ይህን ትላላችሁ። እንዴት እንደምትጠቀሙበት ነገ እናያለን።»

ጋሽ በመጠኑ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ዕድሜ ልኩን ሲያደርገው የኖረው ነገር ለካ የፈረንጅ ስም አለው! እስከዚያ ቀን ድረስ ፈሪ የሚያሰኘው ነገር ከዚያች ቀን ጀምሮ የተማረ ሊያሰኘው ነው። በማግስቱ ትምህርት ቤት አልሄደም። የሚፈልገውን ይዟል፤ የቀረው እንግሊዝኛ ለሚቸግረው ይሁን ብሎ ተወው። ሚስቱ ግን እስከ መጨረሻው ተማረች።

ከዚያ ወዲያማ ማን ይቻለው! «ጋሼ፣ ሞተሩ አለቀ?» ሲሉት «ቱ ሰም ኤክስቴንት» ይላል፣ አገጩን ቀና አድርጎ። ደንበኛው አልገባኝም ማለት ስለሚያፍር ራሱን ነቅንቆ ቁልፉን ይቀበላል። መኪናው መንገድ ላይ ቆሞበት እየጮኸ ሲመለስ ደግሞ ጋሽ በመጠኑ ረጋ ብሎ «እኔ መች አለቀ አልኩህ ወንድሜ? በተወሰነ ደረጃ ነው ያልኩት» ይለዋል። ባለጋራዡ ሳይቀር ይሄን እንደ ብልሃት አይቶ አለቃ አደረገው። እንዲህ ያለ ሰው የሚሾመው እንዲህ ያለ ሰው ነው።

ጋራዡ አንድ የቆየ ደንብ ነበረው። ፍሬን የሠራ መካኒክ፣ መኪናዋ ስትወጣ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ፣ ከበሩ ጀምሮ እስከ ታች ያለውን ቁልቁለት አብሮ ይወርዳል። ማን እንዳወጣው አይታወቅም፤ ግን ብሎን ያላጠበቀ መካኒክ በዚያች ወንበር ላይ ተቀምጦ ስለማያውቅ ደንቡ ጥሩ ደንብ ነው። ጋሽ በመጠኑ አለቃ ከሆነ ወዲህ ወገቡን ያመዋል። የሚያመው ፍሬን በተሠራ ቁጥር ነው።

የሚስቱ ወንድም ሹፌር ነው። ጠዋትና ከሰዓት ሕፃናትን ትምህርት ቤት የሚያመላልስ ሚኒባስ አለው። አንድ ሳምንት ፍሬኑ እየሰመጠ አስቸገረውና ወደ አማቹ ጋራዥ አመጣው። ሚስትየው «አደራ፣ በገዛ እጅህ ሥራው» አለች፤ ጋሽ በመጠኑም «ለቤተሰብማ ራሴ ነኝ» ብሎ ደረቱን ነፋ። ሲፈታው የፍሬን ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው ዕቃ ላስቲኩ ተበልቷል። አዲሱ ደግሞ ገበያ ላይ ጠፍቷል። ቀና ሰው ቢሆን «ትቁም» ይል ነበር፤ አንድ ቃል ናት። እሱ ግን ለሚስቱም እሺ ብሏል፣ ቦታ ጠበበኝ፣ ቶሎ አውጣልኝ ላለው ባለጋራዥም እሺ ብሏል። ያንኑ የተበላ ላስቲክ አገላብጦ መልሶ ገጠመውና ዘይት ሞላበት። ፔዳሉን ሲረግጠው ያዘ። ደግሞ ሲረግጠው እስከ ወለሉ ሰመጠ። «በተወሰነ ደረጃ ይይዛል» አለና እጁን ታጠበ።

ከሰዓት በኋላ ወንድምና እህት አብረው መጡ። እሷ ለትምህርት ቤቱ የሰፋችውን ዩኒፎርም ጠቅልላ ይዛለች፤ በዚያው ልታደርስ ነው።

«ጋሼ፣ አለቀችልን?»

«ይኸው፣ ውሰዳት እንግዲህ።»

«ፍሬኗ ይይዛል አይደል?»

«ቱ ሰም ኤክስቴንት።»

ወንድምየው ፈገግ ብሎ ቁልፉን ተቀበለ። ሚስትየው ግን አንድ እግሯን ሚኒባሷ ላይ እንዳሳረፈች ቆመች።

«እስከ የት?» አለች።

«ምኑ?»

«መምህሩ በማግስቱ ያለውን አልሰማህም፤ ቀርተህ ነበራ። ይህን ቃል ያለ ሰው ቀጥሎ የቱ እንደሆነ፣ የቱ እንዳልሆነ ይናገራል አለን። ካልተናገረ እያታለለ ነው አለን። በል ተናገራ! የፊቱ ነው የሚይዘው የኋላው? ባዶዋን ነው ሕፃናቱ ሞልተውባት?»

«አንቺ ደግሞ! ይሄ የሙያ ነገር ነው፣ ምን አገባሽ?»

«እሺ፣ ግባና በሙያህ ውረድ። ደንባችሁ አይደል?»

ከየመኪናው ሥር ጭንቅላት ብቅ ብቅ አለ።

«ወገቤን እኮ...»

«ለወገብህ ይኸው» አለችና የዩኒፎርሙን ጥቅልል ወንበሩ ላይ አመቻቸችለት።

ገባ። ምን ያድርግ፣ ሠራተኛው ሁሉ እያየው? አማቹ እያፏጨ ሞተሩን አስነሳ። ምስኪን፣ ጋሼ የሠራውን ፍሬን ይጠረጥራል እንዴ? ሚኒባሷ ሜዳውን አቋርጣ ወደ በሩ ቀረበች። ጋሽ በመጠኑ ቁልቁለቱን አየ፤ ከታች ያለውን ኩርባ አየ፤ ከኩርባው ወዲያ ያለውን የድንጋይ አጥር አየ። ጠዋት ላስቲኩን ሲያገላብጥ ያ አጥር ትዝ ብሎት አያውቅም። አሁን ግን እያንዳንዱ ድንጋይ ታየው። በሁለት እጁ የእጅ ፍሬኑ ላይ ተጠመጠመና ሳበው።

«አይይዝም!» ብሎ ጮኸ። «አይይዝም አልኩህ! ሁለተኛ ስትረግጠው ይሰምጣል! አጥፋ!»

አማቹ ሞተሩን አጠፋ። ወረደና ሕፃናቱን የሚያመጣለት ሌላ ሹፌር ፍለጋ ስልኩን አወጣ። ሚስትየው ከኋላ በእግሯ ደርሳ በመስኮቱ በኩል ባሏን እያየች ቆመች።

«ወንድሜ ብቻውን ሊወርድ ሲል በተወሰነ ደረጃ ነበር» አለች። «አንተ ስትገባባት አይይዝም ሆነ።»

ማታ የልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ሳለ መጥቶ አጠገቧ ቆመ። እንደ ልማዱ በነገሩ ዙሪያ ሲዞር ቆየና በመጨረሻ «ይቅር ብለሽኛል?» አላት።

«ቱ ሰም ኤክስቴንት» አለች፣ ዓይኗን ከጨርቁ ሳትነቅል።

ሰውየው እፎይ አለ። እፎይ ማለቱን እዩልኝ! ነገሩ በዚያው ያለቀ መስሎታል።

«እስከ የት እንደሆነ ልንገርህ» ብላ ቀጠለች። «እራትህ ይቀርባል። ቤትህ ቤትህ ነው። አፍህን ግን አላምነውም። በወንድሜም ሆነ በሚያመላልሳቸው ሕፃናት ነገር፣ አንተ ያልከውን ሌላ ሰው ሳልጠይቅ ከእንግዲህ አልቀበልም። ገባህ?»

የለመዳት መልስ ምላሱ ጫፍ ድረስ መጣች። ዋጣት። ሚስቱ መርፌውን አቁማ ትጠብቀዋለች።

«ገብቶኛል» አለ።

እሷም ስፌቷን ቀጠለች።