የፍየሏ ድርሻ

ጋንጃ የሚተክል ሰው ቢያንስ በራሱ ጓሮ ይተክላል። እኔ ያን ያህል እንኳ ወኔ አልነበረኝም። የተከልኩት አባቴ ጓሮ፣ በጎመኑና በበቆሎው መሀል ነበር።

መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ብረት በያጅ ነኝ፤ በርና መስኮት እሠራለሁ። ሙያውን የተማርኩት ወደ ደቡብ ወርጄ ነው። ማጨሱንም እዚያው ተማርኩት፤ ልዩነቱ ብየዳው ሦስት ዓመት ሲፈጅብኝ ማጨሱ አንድ ሳምንት አልፈጀም። አገሬ ተመልሼ ሱቅ ስከፍት አብሮኝ መጣ። ጠዋት ሱቁን ሳልከፍት አንዴ፣ ከምሳ በኋላ አንዴ፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ ስንቴ እንደሆነ እኔም አላውቀውም። "እጄን ያረጋጋልኛል" እል ነበር። እጄን ምን ያህል እንዳረጋጋልኝ የምታውቀው አንዲት ደንበኛዬ ናት። ከዓረብ አገር ተመልሳ ቤት ሠራችና የግቢ በር አዘዘችኝ። ማጠፊያውን በተቃራኒው ወገን በየድኩትና በሩ ወደ ውጭ፣ ወደ ቦዩ የሚከፈት ሆኖ ቀረ። አሥር ዓመት የሰው በር ስትከፍትና ስትዘጋ የኖረች ሴት የራሷን በር ለመክፈት ቦይ መዝለል ነበረባት። መጥታ ስትነግረኝ ሳቅሁባት። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

አባቴ የሚኖሩት ከከተማው በእግር አንድ ሰዓት ተኩል በሚያስኬድ መንደር ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ጎረቤቱ ለዱዓ እሳቸው ቤት ይሰበሰባል። ጫት ይቀርባል፤ እሳቸው መርቀው ያከፋፍላሉ። ከዚያ ለታመመው፣ ለተጣላው፣ ባሕር ተሻግሮ ድምፁ ለጠፋው ልጅ እጅ ተነሥቶ ዱዓ ይደረጋል። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ እንዲሁ ነው። በወሰን የተጣሉ ሰዎች አባቴ ፊት ቀርበው "አንቱ ካሉ ይሁን" ብለው ሲታረቁ አይቻለሁ። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ልጃቸው ሲታመም ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው አሚን ይላሉ። እንግዲህ እኔ የተከልኩት የእኚህ ሰው ጓሮ ውስጥ ነው። ቢያዝ የሚጠፋው የእኔ ስም አልነበረም፤ እኔማ ምን ስም አለኝ።

መጀመሪያ ሲያዩት "ምንድን ነው ልጄ?" አሉኝ።

"መድኃኒት ነው አባ፤ ለራስ ምታቴ።"

ከዚያ ወዲያ አልጠየቁኝም። በእኛ አገር የመድኃኒት ስም አይጠየቅም፤ ስሙ ከተጠራ ኃይሉን ያጣል ይባላል። ይህንን አውቄ ነው የዋሸሁት። ያላሰብኩት ግን አባቴ ልጃቸውን ራሱን ያመዋል ሲባል ሰምተው እጃቸውን አጣጥፈው የሚቀመጡ ሰው አለመሆናቸውን ነው። በሳምንቱ ስመለስ ፍየሎቹ እንዳይደርሱበት ዙሪያውን በእሾህ አጥረውታል። በሌላው ሳምንት ኮትኩተው አመድ አልብሰውታል። ዝናቡ ሲዘገይ ከምንጭ በጄሪካን ውኃ ተሸክመው ያጠጡት ነበር። ጎመኑ ጠውልጎ እሱ ይለመልማል። "ራስህስ? ሻል አለህ?" ሲሉኝ "አልሐምዱሊላህ" እላለሁ። ጀሊሉ ይቅር ይበለኝ።

አንድ ጁምዓ ወደ ጓሮው ስዘልቅ አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ሻሻቸውን ዘርግተው ቆመዋል። እኚህ ሴት ከማውቃቸው ጀምሮ ግማሽ ራሳቸውን እያመማቸው ነው የኖሩት። አባቴ ማጭድ ይዘው ተክሉ ሥር ጎንበስ ብለዋል። "ቢስሚላህ" ሲሉ ሰማሁ።

"አባ፣ ይተዉት! ለእሳቸው አይሆንም!"

"እንዴት አይሆንም? የማን ራስ ከማን ራስ ይለያል?"

"አይሆንም አልኩ!"

ጮህኩ። አባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር። አሮጊቷ ደንግጠው አዩኝ። "ኧረ አብሽር ልጄ፣ መድኃኒትህን አልሻማህም። አንተን ይሻልህ እንጂ እኔማ ለምጄዋለሁ" አሉና ሻሻቸውን አጣጥፈው ሄዱ። የሰሰትኩባቸው መስሏቸዋል። ከነሕመማቸው እየመረቁኝ ሲሄዱ ሳይ ውሸቱን መሸከም አቃተኝ።

"ሐሺሽ ነው አባ" አልኩ።

"ሐሺሽ? ያ ዓረብ አገር አንገት የሚያስቆርጠው?"

"አዎ።"

አጥሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እርግማን ነበር የጠበቅሁት። እሳቸው ግን ያጠሩትን እሾህ አዩ፣ እሾህ የጫረውን እጃቸውን አዩ፣ ከዚያም "እኔ ነኛ እንዲህ አድርጌ ያሳደግሁት" አሉ። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

ተነሡና "አንተ ተክለኸዋል፣ አንተው ንቀለው" አሉኝ። ነቀልኩት። "አሁን እናቃጥለው?" ሲሉኝ ያን ቀን የሚያስቅ ነገር ሳይኖር ሳቅ አመለጠኝ። "አባ፣ ይሄ ከተቃጠለ መንደሩ በሙሉ..." ብዬ ሳልጨርስ ገባቸውና ፊታቸውን አዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ይሳቁ ያልቅሱ ዛሬም አላውቅም። ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣልነው።

"ትተወዋለህ?"

"እተወዋለሁ።"

"ከባድ ነው?"

"እንጃ፤ ሞክሬው አላውቅም።"

"እንግዲያው ሐሙስ ሐሙስ ና። ከጎኔ ተቀመጥና አሚን በል። ጫቱን ግን እንዳትነካ፤ አንዱ አንዱን ይጠራል። ሌላ ነገር አልጠይቅህም።"

እውነትም ሌላ ነገር ጠይቀውኝ አያውቁም። እኔ ግን በእነዚያ ሳምንታት ሰው አልነበርኩም። ምግብ አፌ ውስጥ ይንከባለላል። አንሶላዬ በላብ ይርሳል፣ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። እጄ ተንቀጥቅጦ ብየዳዬ ዶሮ የጫረችው መሬት መሰለ። ደንበኛ "ደህና ዋልክ?" ሲለኝ የሰደበኝ ይመስለኛል። በሦስተኛው ሳምንት አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ጓደኛዬ፣ ድሮም የሚያመጣልኝ እሱ ነው፣ አንድ ጥቅልል ሰጠኝና አጨስኩ። በማግስቱ ሐሙስ ነበር። መንደር ድረስ ሄጄ ለመግባት አፍሬ ከዚያ ባዶ የእሾህ አጥር ሥር ተቀመጥኩ። አባቴ ዱዓውን አቋርጠው ወጡ።

"ወደቅህ?"

"ወደቅሁ።"

"በቅሎ ከነጭነቷ ስትወድቅ ጭነቷን ፈትተህ ታነሣታለህ እንጂ ትደበድባታለህ እንዴ? ግባ፣ ሰው እየጠበቀ ነው።"

ገባሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ አላጨስኩም። መፈለጉን ግን አልተውኩም፤ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በዚያው ሰሞን አባቴም ደህና አልነበሩም። ራሳቸውን በጨርቅ አሥረው ይውላሉ። ዱዓ መሀል ያንቀላፋሉ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁት ሰው በትንሽ ትልቁ ይቆጣሉ። "እርጅና ነው" ብዬ አለፍኩት። የራሴን እንጂ የማንን ሕመም አይ ነበር?

ስምንት ወር ያህል እንዳለፈኝ ያ ሹፌር ከመንገድ ተመለሰና በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር መሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ አስቀመጠልኝ። "ስጦታ ነው፤ ሰው ሆነህ ስለቆየህ" አለኝ። አልጣልኩትም። ኪሴ ከተትኩት። ቀኑ ሐሙስ ነበር፤ መንገዱን ሙሉ እጄ ኪሴን እየዳበሰ፣ በራሴም በዓለሙም እየተናደድኩ መንደር ደረስኩ። እናቴ ግቢ ውስጥ ገብስ ታሰጣ ነበር። ንዴቴን ያወረድኩት እሷ ላይ ነው።

"እማ፣ ሰለቸኝ። ሐሙስ በመጣ ቁጥር እንደ ሕፃን ከጎኔ ተቀመጥ! እሳቸውማ ምን አለባቸው። የራስን ጉንጭ በጫት ሞልቶ ሌላውን ተው ማለት ቀላል ነው።"

እናቴ ብዙ የምትናገር ሰው አይደለችም። ሰፌዱን አስቀመጠችና ክንዴን ይዛ ወደ በረቱ ወሰደችኝ። አንዲት ቡላ ፍየል እያመነዠከች አየችን።

"እቺን ፍየል አየሃት?"

"ምን ሆነች?"

"የአባትህን ጫት የምትቅመው እሷ ናት። አንተ ያንን ነገር ከነቀልክበት ቀን ጀምሮ አንዲት ቅጠል አልቀመሱም። መርቀው ድርሻቸውን ያነሣሉ፣ ከአጎዛው ሥር ይሸጉጡታል። ሰው ሲበተን አውጥቼ ለእሷ እሰጣለሁ። ሐሙስ ለዓርብ ዓይኗን አትከድንም፣ አስቸግራናለች። እንዳትነግሪው ብለውኝ ነበር።"

በጨርቅ የታሠረው ራሳቸው ትዝ አለኝ፤ ማንቀላፋታቸው፣ ቁጣቸው። ለካ ሀራራ ነበር። እኔ ከተማ ውስጥ በላብ ስጠመቅ እሳቸው እዚህ፣ ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ፣ ማንም ተው ሳይላቸው፣ ሐሙስ ሐሙስ ሰው ሁሉ ፊታቸው እየቃመ፣ ቀንበጡን በእጃቸው ይዘው፣ መርቀው፣ አይቀምሱም። እኔ ትቻለሁ ብዬ ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ። እሳቸው ለፍየሏ እንኳ አልነገሯትም። አባቴን ያን ቀን ያህል ወድጄ፣ ያን ቀን ያህል አድንቄ አላውቅም። ደግሞም ያን ቀን ያህል በራሴ አፍሬ አላውቅም።

ኪሴ ውስጥ ያለውን አውጥቼ ያኔ ተክሉን የጣልንበት ጉድጓድ ውስጥ ወረወርኩት። እናቴ አይታ ወደ ገብሷ ተመለሰች።

ገብቼ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። የጫቱ እስር መጣ፤ መረቁት፣ አከፋፈሉት፣ ለራሳቸውም አንድ ቀንበጥ አነሡ። ለመጀመሪያ ጊዜ እጃቸውን ተከታተልኩ። ወሬ እያወሩ፣ ዓይናቸውን ከሰው ላይ ሳያነሡ፣ እጃቸው በጉልበታቸው በኩል ወርዶ ከአጎዛው ሥር ገባና ባዶውን ወጣ። ማንም አላየም። እጃቸውን ለዱዓ ሲያነሡ አሚን ያልኩበት ድምፅ ራሴንም አስደነገጠኝ፤ ሰው ዞሮ አየኝ። በማግስቱ የዚያችን ቦይ የምትዘል ደንበኛዬን የግቢ በር ነቅዬ ወደ ውስጥ እንዲከፈት አድርጌ በየድኩላት።

ይህ ከሆነ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ባለፈው ክረምት ሰው ተበትኖ ሁለታችን ብቻ ስንቀር ልነግራቸው ወሰንኩ።

"አባ፣ የፍየሏን ነገር አውቄያለሁ።"

"እናትህ ወሬኛ ናት" አሉ።

"እኔ እኮ ደህና ሆኛለሁ። ካሁን በኋላ ይቃሙ። በዚህ ዕድሜዎ ስለ እኔ ብለው አይቸገሩ።"

የአጎዛውን ጠጉር በመዳፋቸው ደለደሉ።

"አንተስ ደህና ሆነሃል፤ አይቻለሁ" አሉ። "እኔ ነኝ ገና። ሐሙስ በመጣ ቁጥር ምራቄን ነው የምውጠው። አንተ ከጎኔ የቀረህ ቀን እቅማለሁ።"

ሐሙስ ከዙሁር በፊት ሱቄን እዘጋለሁ። ክረምት ቢሆን፣ መንገዱ ጭቃ ቢሆን፣ እሄዳለሁ።